በአንድ ቁልፍ የምትነሳ መኪና

«በቃ፣ በሩን ክፈቺና ውጪያ!» አላት አጎቷ ዱዌይን።

ኮሪን የበሩን እጀታ ሳበች። ንቅንቅ አላለም። በትከሻዋ ገፋችው፤ ወይ ፍንክች። ተንፏቃ ወደ ሌላኛው ወንበር ተሻገረችና ያንን በር ሞከረች፤ እሱም ያው ነው። ቅድም ስትገባ እኮ ሁለቱም በጣት ሲነኩ ይከፈቱ ነበር! በመስኮት ወይም በጨርቅ ጣሪያው እንዳትወጣ ደግሞ የሁለቱንም መስታወቶች ማዞሪያና የጣሪያውን መክፈቻ ዱዌይን ጠዋት «ላስተካክልልሽ» ብሎ ፈትቶ ወስዷቸዋል። ግራ ገብቷት ቀና ስትል፣ ጋራዡን የሞሉት ወንዶች በሙሉ ስልካቸውን ደግነውባታል።

ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ሳቅ ብቻ ቢሆን እኮ ጥሩ ነበር። ሽማግሌው ሆርቫት ጉልበቱን ይዞ እንባው እስኪወርድ ተንከተከተ። አንዱ መስታወቱን እያንኳኳ «እመቤቴ፣ ወዴት ልንሄድ ነው?» ይላል። ሌላው ዶናቱን ወደ መስታወቱ አስጠግቶ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ ቀስ ብሎ ይገምጣል። አጎቷ ደግሞ፣ የእናቷ ወንድም፣ አባቷ ጥሏቸው ከሄደ ወዲህ አሳደጋት ማለት የሚቻለው ሰው፣ መኪናዋን ከኋላ ባነሳበት ክሪክ ላይ ተደግፎ ይፍለቀለቃል።

«አጎቴ፣ አውርደኝ በቃ!»

«ቆይ እንጂ! መጀመሪያ ቡናችንን እንጠጣ።»

እውነትም ጠጡ። እሷ መሪውን ጨብጣ እያየቻቸው፣ ቴርሞሱ እስኪያልቅ ድረስ፣ ስለ አየሩና ስለ ኳስ እያወሩ ጠጡ። አይ ሰው!

መኪናዋን የገዛቻት በዚያው ወር ነው። እንግሊዝ አገር ተሠርታ፣ የኮሪን እናት ሳትወለድ በመርከብ አሜሪካ የገባች፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ ጨርቅ የሆነ አረንጓዴ የስፖርት መኪና። እንደዚህ ያሉት ዋጋቸው ያን ያህል አይጎዳም፤ መለዋወጫቸውም እስከ ዛሬ አልጠፋም። ስለዚህ በዚህ ከተማ መፍቻ መያዝ የጀመረ ልጅ ሁሉ የመጀመሪያ ሥራው እንድትሆን የሚመኘው አንዷን ነው። ኮሪንም ሁለት በጋ ሙሉ አይስክሬም ቤት ቆማ የከረመችው ለዚሁ ነበር። ፈትታ፣ አጥባ፣ መልሳ ገጥማ፣ መንጃ ፈቃድ ስታወጣ በገዛ እጇ የሠራችውን መኪና ልትነዳ።

ከሻጩ ጋር ያገናኛት ዱዌይን ነው። «ሞተሩን ስሚውማ!» አላት ያን ቀን። ሻጩ ቁልፉን ገና አንዴ ከማዞሩ ሞተሩ ተነሳ። የኮሪን ልብ አብሮ ተነሳ። ይሄ የዚህ አካባቢ ሰው ሁሉ በሽታ ነው፤ ያረጀ ሞተር በአንድ ቁልፍ ሲነሳለት ሌላውን ሁሉ ይረሳል። እሷ ግን አልረሳችም ነበር። ከሥሯ ልታይ ስትንበረከክ ዱዌይን ክንዷን ይዞ አነሳት። «ልብስሽን ምን አቆሸሸሽ? እኔ አይቼዋለሁ» አላት። አጎቷ ካየው በቃ፣ ከዚያ በላይ ምን ትፈልግ?

ጣሪያዋ ጨርቅ የሆነ መኪና የምትቆመው ከበሮቹ ሥር፣ በግራና በቀኝ በተዘረጋው የላሜራ ሳጥን ነው። ፔንስልቬንያ ውስጥ ደግሞ በረዶ በወረደ ቁጥር መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው ብረቱን መብላት የሚጀምረው ከዚያ ሳጥን ነው። የኮሪን መኪና ያ ላሜራ በዝገት አልቆባት በስቱኮ ተለስና፣ ከላይ ቀለም ተቀብታለች። መሬት ላይ ስትቆም ያማረች ናት። ከኋላ በክሪክ ስትነሳ ግን ወገቧ ይሰምጥና ሁለቱንም በሮች ነክሳ ትይዛለች።

ክሪኩን ሲያወርዱት በሮቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ተከፈቱ።

«ምን ያስኮርፋል?» አላት ሆርቫት እንባውን እየጠረገ። «እኔም እዚያ ውስጥ ተቆልፎብኛል። አጎትሽም ተቆልፎበታል። እዚህ ያለነው ሁላችን በየተራችን ገዝተናታል እኮ! አሁን ተራው ያንቺ ነው። አንድ ጀማሪ ፈልጊና ሽጪለት። ገንዘብሽ ይመለሳል፣ እኛም ዶናታችንን ይዘን እንመጣለን።»

ኮሪን ዙሪያዋን አየች። መኪናዋን የሸጠላት ሰውዬ ጥግ ላይ ቆሞ ጣቱ ላይ የቀረውን ስኳር ይልሳል። ለካ እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ቡና የሚጠጣው የዚሁ ማኅበር አባል ነው።

«ስትሸጪ ደግሞ» አለ ሆርቫት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያቺን ከአሪዞና ያመጣኋትን በዚያችው ዋጋ እለቅልሻለሁ። ከበረሃ ነው የመጣችው። ጨው የሚባል ነገር ነክቷት አያውቅም።»

ኮሪን ያቺን መኪና ታውቃታለች። ከሥሯ ገብታ በካቻቢቴ ሳይቀር መታ መታ አድርጋታለች፤ ሁሉም ቦታ የብረት ድምፅ ነው የሰጣት። እንኳን በሷ ገንዘብ፣ በእጥፉም አትገኝም።

«ቪዲዮውስ?» አለች።

«አይዞሽ፣ ከዚህ አይወጣም» አለ ዱዌይን። «ለገና እራታችን ላይ የምናየው ነው። ከወጣማ ማን ይገዛታል?»

ሰዎቹ ሲሄዱ ኮሪን መጥረጊያ ይዛ የዶናቱን ፍርፋሪ ጠረገች። ከትምህርት ቤት መልስ የምትውለው እዚሁ ነው። እናቷ በአረጋውያን መጦሪያ የማታ ፈረቃ ትሠራለች፤ ቤቱ ዝም ያለ ነው። እዚህ ራዲዮ አለ፣ የምድጃ ሙቀት አለ፣ የሷ መፍቻዎች የተሰቀሉበት ግድግዳ አለ። ለዚህ ነው ነገሩ ይበልጥ ያማት።

«አንተ እኮ ነህ ‹አይቼዋለሁ› ያልከኝ።»

«አልዋሸሁም» አለ ዱዌይን እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «አይቼዋለሁ።»

«እንዴት እንደዚህ ታደርገኛለህ?»

«እኔን እንደዚህ ያደረገኝ አያትሽ ነው፤ የገዛ አባቴ። ሞትኩ? ሰው ሆንኩ። አንቺስ ከኔ በምን ትበልጫለሽ?»

ኮሪን ማልቀስ ፈለገች፤ እሱ ፊት ግን አላለቀሰችም።

ሰኞ፣ ትምህርት ቤት ብረታ ብረት ክፍል ውስጥ ካልቪን አጠገቧ ዱብ አለ። ካልቪን ዘንድሮ ከሌላ ከተማ የመጣ ልጅ ነው። የሚያውቀው ሰው የለም፤ ልጆቹ በጫማው ሙድ ይይዙበታል፤ ምሳውን የሚበላው ከኮሪን ጋር ብቻ ነው።

«አቦ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?» አላት።

«ምኑን?»

«መኪናዋን ልትሸጫት እንደሆነ! አጎትሽ መለዋወጫ ቤት አግኝቶኝ ነገረኝ። እንዴት ደስ የሚል ሰውዬ ነው ባክሽ! ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ‹አንተን የመሰለ ልጅ ነው የሚያስፈልጋት› አለኝ።»

ዱዌይን ሁለት ቀን እንኳን ሳይሞላ ሰው መርጦላታል!

«ሞተሯ ይሠራል?» አለ ካልቪን።

እውነቱን አሁን መናገር ነበረባት። ልትናገርም አፏን ከፈተች። ከዚያ ያቺ የአሪዞናዋ መኪና፣ ያ የብረት ድምፅ፣ መጣባት።

«በአንድ ቁልፍ ትነሳለች» አለች።

ውሸት አይደለም፤ ግን ቃሉ የአጎቷ ነው። ከራሷ አፍ ሲወጣ ሰማችውና ፊቷ ጋለ። መልሳ ግን አልዋጠችውም።

«በናትሽ! በቃ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር እመጣለሁ። ሁሉንም አስቤዋለሁ። ከጋራዡ ቀጥታ በአውራ ጎዳናው ወደ ኤሪ ከተማ፣ አባቴ ጋ! ‹አንተ ምን ሠርተህ ታውቃለህ?› ሲለኝ ነው የኖረው። ጣሪያዋን ከፍቼ በሩ ላይ ነው የማቆምለት። ይውጣና ይያት!»

እንዲህ ሲል ዓይኑ በራ። ኮሪን ዓይኑን ላለማየት መፍጫ ማሽኑን ማጽዳት ጀመረች።

በዚያው ቀን ዱዌይንን ያዘችው። «አውራ ጎዳና ላይ ሊነዳት ነው። በዚያ ፍጥነት መሀሏ ቢሰበርስ? የሆነ ሰው ቢገጨውስ?»

«እስከዛሬ ማን ከዚህ ሰፈር አስወጣት? ሲመጣ እንቆልፍበታለን፣ እንስቃለን፣ አለቀ።»

«እሱ እኮ ክሪክ እስክታመጣ አይቆምልህም! ወዲያው ከፍሎ ወዲያው ነው የሚሄደው።»

«እንግዲህ ከፍሎ ከወጣ የራሱ ጉዳይ ነው» አለ ዱዌይን ከሚፈታው ካርቡራተር ላይ ዓይኑን ሳያነሳ። «አፍንጫው ሥር ያለውን የማያይ ልጅ ለምን መኪና ይገዛል?»

«ልጅ ነው እኮ! አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው!»

«አንቺስ ስንት ነሽ? አንቺ ላይ ሲሆን ማን አዘነልሽ?»

ማንም አላዘነላትም። እሱን ነበር ሳምንቱን ሙሉ ስታላምጥ የሰነበተችው። ለኔ ማን አዘነ? አንዳንዴ በቂ ምክንያት ይመስላታል። አንዳንዴ ደግሞ ካልቪን ምሳውን ሲያካፍላት ይጠፋባታል።

ቅዳሜ ካልቪን ጸጉሩን ተቆርጦ መጣ። እናቱ የሱፐርማርኬት ሽርጧን እንኳን ሳታወልቅ ከሥራ ቀጥታ ነው የመጣችው። የማኅበሩ ሰዎች ዶናታቸውን ይዘው ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ አንዱ አንዱን በክርኑ ይጎሽማል። ካልቪን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ፣ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። እናቱ በደስታ አፏን ያዘች።

«እሱ ልጅ መኪና ያውቃል!» አለ ዱዌይን ጮክ ብሎ። «እዩት አያያዙን!»

«ካልቪን» አለች ኮሪን። «አጥፋውና ውረድ። አትግዛት።»

ሰዎቹ መጎሻሸማቸውን አቆሙ።

«ከሥር በስብሳለች። የምታየው ስቱኮ ነው፣ ብረት አይደለም። ሰኞ ልነግርህ ይገባ ነበር፣ አልነገርኩህም። ከነዳሃት ወገቧ ይቆረጣል።»

ካልቪን እሷን አየ፣ ዱዌይንን አየ። ዱዌይን ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ፤ እንዴት የለመደበት ሳቅ ነው! «ወይ ልጆች! ሳሳችላት እኮ ነው። እኔም የመጀመሪያዬን ስሸጥ እንደዚሁ አልቅሻለሁ። የበሰበሰ መኪና በአንድ ቁልፍ ይነሳል እንዴ፣ እናንተ?»

ሰዎቹ ሳቁ። የካልቪን እናትም ግራ ገብቷት አብራ ፈገግ አለች።

«በክሪክ አንሷትና እዩ!» አለች ኮሪን። «አጎቴ፣ ክሪኩን አምጣዋ! ዛሬ ምነው ጠፋ?»

«ተበላሽቷል» አለ ዱዌይን።

ካልቪን ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ፊቱ ቀልቷል። «ሰኞ ‹በአንድ ቁልፍ ትነሳለች› አልሽኝ። ዛሬ በስብሳለች። ነገ ምን ልትይ ነው? ለምን እውነቱን አትናገሪም? ‹ለሱ አይገባውም› ብለሽ ነው። አንቺ አጎት አለሽ፣ ጋራዥ አለሽ። እኔ አንዲት ነገር ሳገኝ ቆጨሽ።»

«ካልቪን፣ በእናቴ ሞት…»

«ተይኝ! ሰው መስለሽኝ ነበር። ከነዛ በጫማዬ ከሚስቁት ትብሻለሽ፤ እነሱ ቢያንስ ፊት ለፊት ነው የሚስቁት።»

ዱዌይን የልጁን ትከሻ አቅፎ ከእናቱ ጋር እስከ በር ሸኛቸው። «አትዘን፣ የኔ ልጅ። እስከ ማታ ያንተ ትሆናለች፤ እኔ ራሴ እደውልልሃለሁ» ሲለው ተሰማ። ካልቪን «አንተ ጥሩ ሰው ነህ» አለው። ኮሪን ይህንንም ሰማች።

ዱዌይን ተመልሶ መጣና ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ የመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የከፈልሽው ነው፣ ሙሉውን። ሊብሬውን ፈርሚልኝና ዞር በይ። የምሸጥለት እኔ ነኝ። አንቺ ማንንም አልሸወድሽም፤ እንዲያውም እውነቱን ተናግረሻል፣ ሁላችንም ምስክር ነን። ሆርቫት፣ የአሪዞናዋ አለች አይደል?»

«አለች» አለ ሆርቫት። «ዛሬውኑ ትውሰዳት።»

እውነቱን መደበቅ አያስፈልግም፤ ኮሪን እጇን ሰደደች። ገንዘቡን ነካችው። ሁለት በጋ ሙሉ ቆማ ያገኘችው ነው፣ የማንም አይደለም። ደግሞስ ተናግራ የለ? ካላመናት ምን ታድርግ? ጣቷ ገንዘቡ ላይ እንዳለ ዓይኗ መኪናዋ ላይ አረፈ። ካልቪን ሲወርድ በሩን አልዘጋውም። ማታ ይመለሳል፤ በዚያው በር ይገባል፤ ወደ ኤሪ ይነዳል። ጣሪያዋንም ይከፍታል። ዛሬ አልፈርምም ብትል እንኳን፣ መኪናዋ እስካለች ድረስ ማኅበሩ ሌላ ጀማሪ አያጣላትም።

እጇን መለሰች። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለበት ግራይንደሩን አወረደች፣ ሶኬቱን ሰካች፣ መነጽሩን አደረገችና ወደ መኪናዋ ሄደች።

«ኧረ! ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ዱዌይን። ሲገባው ገመዱን መንጭቆ ነቀለው። ግራይንደሩ እጇ ላይ ዝም አለ። «በኔ ግራይንደር፣ በኔ መብራት? አብደሻል እንዴ?»

ሰዎቹ ሳቁ። ኮሪን ግራይንደሩን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ወደ ራሷ የመሣሪያ ሳጥን ሄዳ በገዛ ገንዘቧ የገዛችውን ሰጌቶ፣ በእጅ የሚገፋውን የብረት መጋዝ፣ አወጣች። ከዚያ በተከፈተው በር ሥር ተንበረከከች።

«ስሚኝ» አለ ዱዌይን። አሁን አይስቅም። «ከነካሻት ከዚህ ጋራዥ ለሁልጊዜ ወጣሽ። እናትሽ እግሬ ላይ ወድቃ ብትለምነኝም አልሰማም። ገንዘብሽም ቀረ። የአሪዞናዋም ቀረች። ገባሽ?»

«ገብቶኛል» አለች።

ሰጌቶውን አረንጓዴው ቀለም ላይ አድርጋ ገፋች። ቀለሙ ተላጠና ነጭ ዱቄት ጉልበቷ ላይ መፍሰስ ጀመረ። ሰጌቶው ብረት ሲያገኝ የሚያሰማውን ድምፅ ጠበቀች። አልመጣም። ስቱኮው አለቀና ውስጡ የታጨቀው አሮጌ ጋዜጣ፣ የረጠበና የሻገተ፣ እየተቆራረጠ ይወጣ ጀመር። የሆነ ሰው ሳቅ ጀመረ። ማንም አላገዘውም።

ከኋላዋ ኩባያ ሲሰበሰብ ሰማች። ሆርቫት የዶናቱን ካርቶን ከድኖ ደህና ዋይ ሳይላት ወጣ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። ዱዌይን ገንዘቡን ከጠረጴዛው አንስቶ ኪሱ ከተተ፣ ምድጃውን አጠፋ፣ ጃኬቱን ለበሰ። «ስትጨርሺ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ» አለና ትልቁን በር ወለል አድርጎ ከፍቶት ሄደ። ብርዱ ገባ።

ወገቧ በዚያ በኩል ሲለቅ መኪናዋ ቀስ ብላ አዘነበለች። የኮሪን መዳፍ ውኃ ቋጥሯል። ኤሪ ያለው የካልቪን አባት በሩ ላይ ማንም አይመጣበትም፤ ካልቪንም ለምን እንደሆነ አያውቅም፤ ሰኞ ምሳዋን ብቻዋን ትበላለች። እያለቀሰች ተነሳች፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች፣ መኪናዋን ዞረችና በሌላኛው በር ሥር ተንበረከከች።